ውጤቱ «ምንም የለም»፣ ሆዴ ግን…

በዚህ እትም ላወራችሁ ያሰብኩት ሰው ፊት ስለማይወራ ነገር ነው፤ ስለ ተቅማጥ። ርዕሱን ለዝግጅት ክፍሉ ልጆች ስነግራቸው አንዱ ሳቀብኝ። አንዷ ግን ስብሰባው ካለቀ በኋላ ኮሪደር ላይ ጠብቃ «እኔም እኮ ሁለት ዓመቴ ነው» አለችኝ። እንግዲህ የጻፍኩት ለእሷ ስል ነው። ለሳቀውም ቢሆን ሳይጠቅመው አይቀርም።

ነገሩ የጀመረኝ በ2016 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሆኜ ግቢ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። ቁርጠት፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ግሳት። ከግቢው ፊት ለፊት ባለ አንድ ክሊኒክ የሰገራ ምርመራ አደረግኩ፤ «ጃርዲያ» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ፤ መድኃኒቱን ዋጥኩ፤ በሳምንቱ ዳንኩ። እስከዚህ ድረስ የማንኛውም ተማሪ ታሪክ ነው። ዶርማችን ውስጥ ከነበርነው ስድስት ልጆች አራታችን በዚያ ሴሚስተር ጃርዲያ ወይም አሜባ ተብለናል።

የእኔ ከሌሎቹ የተለየው ከወር በኋላ ነው። ጠዋት ቁርሴን በልቼ ሳልጨርስ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ እሮጣለሁ፤ ከተቀመጥኩ በኋላ ቁርጠቱ ቀለል ይለኛል፤ ዶርም ሳልደርስ ደግሞ ይመለስብኛል። ጠዋት ብቻ ሦስት አራት ጊዜ። ግሳቱ የለም፣ ክብደቴ አልቀነሰም፣ ሌሊትም ከእንቅልፌ አያስነሳኝም። (እነዚህ ነገሮች ትርጉም እንዳላቸው ያኔ አላወቅኩም፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።) እኔ ግን «ጃርዲያው አልለቀቀኝም» ብዬ ደመደምኩ። ፋርማሲ ሄጄ ያለ ምርመራ «ሜትሮኒዳዞል ስጡኝ» አልኩ፤ ተሰጠኝ። ሁለት ሦስት ቀን ሻል አለኝና ተመለሰ። ደግሜ ገዛሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል እያፈራረቅኩ አምስት ዙር ወስጃለሁ። አፌ ብረት ብረት እያለኝ ክፍል የተቀመጥኩባቸውን ቀናት አልረሳቸውም። በመሐል አንድ ሌላ ክሊኒክ «ታይፎይድም አለብሽ» ብሎኝ የዚያንም መድኃኒት ጨርሻለሁ።

ለእረፍት ቤት ስሄድ እናቴ «ልጄ፣ የግቢ ምግብ ነው የጎዳሽ» ብላ ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሳ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ አበላችኝ። ባሰብኝ። እሷም ደንግጣ መጠኑን ጨመረችው። ለምን እንደባሰብኝ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ስንገባ በዜና አዘጋገብ ኮርስ ስለ ውሃ መቆራረጥ እንድዘግብ ተመደብኩ። አንድ ኃላፊ ለማነጋገር ሁለት ሳምንት ደጅ ጠንቻለሁ። በስንት ልመና ተገኙ፤ ሦስተኛውን ጥያቄዬን እየመለሱልኝ ሳለ ሆዴ ተነሳ። ላብ አጠመቀኝ። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» ብዬ ስልኬን እየቀዳ ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ። የፎቁ ሽንት ቤት ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ደግሞ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ሁለት ፎቅ ወረድኩ። ስመለስ ሃያ ደቂቃ አልፏል፤ ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል። ጸሐፊያቸው ምንም ሳትል ስልኬን አቀበለችኝ። ማታ ቀረጻውን ስሰማ የወንበሬ መንሸራተት፣ የበሩ መዘጋት፣ ከዚያ ኃላፊው «ምን ሆና ነው?» ሲሉ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያለው የአየር ማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ዊዝድሮው ልሞላ ሬጅስትራር ደጃፍ ደርሼ ተመልሻለሁ። በቃለ መጠይቅ መሐል ሽንት ቤት ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ምኑን ጋዜጠኛ ይሆናል ብዬ ነበር።

ወረቀቱ ንጹህ ሲሆን

የዶርም ልጆች ጎትተው ሪፈራል ሆስፒታል ወሰዱኝ። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቷ እንደሌሎቹ ወዲያው ወረቀት አልጻፈችልኝም። «መቼ ጀመረሽ? በቀን ስንት ጊዜ ትቀመጫለሽ? ሌሊት ያስነሳሻል? ደም አይተሻል? ቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ያለበት አለ?» እያለች ከሩብ ሰዓት በላይ ጠየቀችኝ። (የቃለ መጠይቅ መምህራችን ቢያይዋት ደስ ይላቸው ነበር።) ከዚያ የሰገራ ምርመራ በተለያዩ ሦስት ቀናት አዘዘች። ጃርዲያ በየቀኑ ከሰገራ ጋር ስለማይወጣ አንድ ናሙና ብቻውን ሊያታልል ይችላል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢና የሴሊያክ ምርመራም ተጨመረ። ሴሊያክ ማለት ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚያቆስልበት በሽታ ነው።

ሁሉም ንጹህ ሆኖ መጣ። «ምንም የለም» ሲባል መደሰት ነበረብኝ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ትል ቢገኝብኝ እመርጥ ነበር፤ ትል መድኃኒት አለዋ! ሐኪሟ ሶፍት እያቀበለችኝ «በሽታሽ እኮ ስም አለው» አለችኝ። ስሙ ኢሪቴብል ባወል ሲንድሮም ነው፤ በአጭሩ አይ.ቢ.ኤስ.። እኔ «ቁጡ አንጀት» እለዋለሁ። አንዳንዱን ሰው ያደርቀዋል፣ አንዳንዱን ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱን ያፈራርቅበታል። የእኔ የሚያስቀምጠው ነው።

ይህ በሽታ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ አይወጣም። ሐኪሞች የሚለዩት «የሮም መስፈርት» በሚባል መለኪያ ነው፤ አራተኛው እትም በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ባለፉት 3 ወራት በአማካይ ቢያንስ በሳምንት 1 ቀን የሆድ ሕመም መኖር አለበት፤ ሕመሙም ከመቀመጥ ጋር የተያያዘ፣ ወይም የመቀመጫው ብዛት አለዚያም የሰገራው መልክ ከመለወጡ ጋር የመጣ መሆን አለበት። ከነዚህ ሦስቱ ሁለቱ ከተሟሉና ነገሩ ከጀመረ 6 ወር ካለፈው ይበቃል። ለመልኩ ደግሞ የብሪስቶል ሰንጠረዥ አለ። ከ1 እስከ 7 ይቆጠራል፤ 1 እንደ ፍየል በጠጥ የደረቀው ነው፣ 7 ውሃ ነው። የእኔ ጠዋቶች 6 እና 7 ነበሩ። ቁጥር መሆኑ በጣም ጠቀመኝ፤ «ዛሬ ስድስት ነኝ» ማለት ዝርዝሩን ከመናገር ይቀላል።

የበርገን ከተማ ውሃ

ታዲያ ጃርዲያው ከሞተ አንጀቴ ለምን አላረፈም? ለዚህ ጥያቄ ያገኘሁት ምርጥ መልስ ከኖርዌይ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. መኸር ላይ የበርገን ከተማ የመጠጥ ውሃ በጃርዲያ ተበከለ። በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸው ሰዎች ብቻ 1,250 ያህል ነበሩ፤ ታከሙ። የከተማው ተመራማሪዎች ግን «ዳኑ» ብለው ፋይሉን አልዘጉትም። ከ3 ዓመት በኋላ ሲጠይቋቸው ጃርዲያ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 46ቱ የአይ.ቢ.ኤስ. ምልክት ነበራቸው፤ ካልያዛቸው የዚያው አካባቢ ነዋሪዎች ግን ከመቶ 14ቱ ብቻ። ከ10 ዓመት በኋላም ቁጥሩ 43 ለ14 ነበር።

ይህን ሳነብ ዶርም ውስጥ ብድግ አልኩ። እኔን እኮ ነው የሚያወሩት!

ከኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣ አይ.ቢ.ኤስ. የታወቀ ነገር ነው፤ በሌሎች ጀርሞችም ይመጣል። ጀርሙ ከወጣ በኋላ የአንጀት ነርቮች ስሜታቸው እንደጋለ ይቀራል፤ ግድግዳው ላይ መለስተኛ ብግነት ሊቆይ ይችላል፤ በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ስብጥራቸው ይለወጣል። ሌባ የገባበት ቤት ውሻ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ሌባው ከተያዘ በኋላም ነፋስ በሩን ባንኳኳ ቁጥር ሲጮህ ያድራል። ጤነኛ ሰው የማይሰማው መጠነኛ ጋዝ ለእኔ ቁርጠት የሆነው ለዚህ ነው። ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት መንቀሳቀሱም በማንኛውም ሰው ላይ ያለ ነው፤ በእኛ ላይ ግን ይበረታል። ቁርስ ላይ የምሮጠው የበላሁት ምግብ በአምስት ደቂቃ አልፎ አይደለም፤ የሚወጣው የትናንቱ ነው።

እንግዲህ አምስት ዙር የዋጥኩት መድኃኒት የሌለ ሌባ ማሳደድ ነበር። «ሁለት ሦስት ቀን ሻል ያለኝስ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ይህ በሽታ በራሱ ጊዜ እየበረደ እየጋለ የሚሄድ ነው፤ ሰው መድኃኒት የሚገዛው ደግሞ በባሰበት ቀን ስለሆነ ከዚያ ቀጥሎ መሻል አይቀርም። በጥናቶች ላይ ማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው የአይ.ቢ.ኤስ. ሕሙማን ከመቶ ወደ አርባ የሚጠጉት ሻል አለን ይላሉ። በሌላ በኩል ያለ ምክንያት የሚወሰድ ፀረ ተህዋስ መድኃኒት የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይረብሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው እፎይታ የመጣልኝ አንድ ነገር በመተው ነው። ጃርዲያ ዳግመኛ አይያዝም ማለቴ አይደለም፤ ይይዛል። ግን ተመርምሮ ነው እንጂ በግምት አይዋጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብላችሁ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ተቅማጥ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ለውጥ፣ ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር፣ የአንጀት ቁስለትም ሆነ ሴሊያክ ካለ «ቁጡ አንጀት ነው» ብሎ መቀመጥ አደገኛ ነው። ሐኪሟ ደጋግማ የጠየቀችኝ እነዚህን ነበር። አንዱ እንኳ ቢኖርብኝ የእኔ ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር።

ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት…

ሐኪሟ ለአራት ሳምንት የበላሁትን፣ ሰዓቱን፣ የተቀመጥኩበትንና የብሪስቶል ቁጥሩን እንድመዘግብ አዘዘችኝ። ዜና አጻጻፍ ላይ የተማርነው ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት ለካ ለሆድም ይሠራል! ሐቁን አስቀድሞ፣ «ለምን»ን መጨረሻ ላይ። እኔ ግን በሦስተኛው ቀን ስህተት ሠራሁ። ወተት ጠጥቼ ስላስቀመጠኝ ወተትን፣ ሽሮ በልቼ ስላስቀመጠኝ ሽሮን፣ እንዲህ እያልኩ ሁሉንም ተውኩና በሁለት ሳምንት 4 ኪሎ ቀነስኩ። ሐኪሟ ተቆጣችኝ። በአንድ ምንጭ ብቻ ዜና እንደማይሠራ የምናውቅ ሰዎች በአንድ ቀን ተቅማጥ ምግብ መወንጀላችን ይገርማል።

ትክክለኛው መንገድ የሜልቦርኑ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፉት የፎድማፕ አመጋገብ ነው። ፎድማፕ የሚባሉት ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጣቸው የስኳር ዓይነቶች ናቸው። ውሃ ወደ አንጀት ይስባሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎች ያቦኳቸዋል፤ ጋዝ ይፈጠራል። ጤነኛ ሰው ላይ ፈስ ነው፤ ቁጡ አንጀት ላይ ቁርጠትና ሩጫ ነው። ዋናዎቹ የሚገኙት በቀይና በነጭ ሽንኩርት፣ በስንዴ፣ በጥራጥሬ፣ በወተት፣ በማር፣ በአፕልና በማንጎ ውስጥ ነው። ነጭ ሽንኩርት በማር! ለእናቴ በስልክ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አያትሽም እንደሱ ነበር የምታደርግልን» አለች።

መጀመሪያ ከ2 እስከ 6 ሳምንት እነዚህን መቀነስ፣ ቀጥሎ አንድ በአንድ መመለስ፣ በመጨረሻ የራስን ጠላት ብቻ ለይቶ ሌላውን መብላት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ላይ ይቆማል፤ ያ ደግሞ ረሃብ ነው። የእኛ አገር ችግር ሽንኩርቱ ወጡ ውስጥ መሆኑ ነው። ፍሬውን ለቅሞ ማውጣት አይረዳም፤ ስኳሩ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ መረቁ ውስጥ ገብቷል። ዘይት ውስጥ ግን አይሟሟም። ስለዚህ ቤት ስሆን እናቴ ነጭ ሽንኩርቱን ውሃ ሳይነካው በዘይት አቁላልታ ፍሬውን ታወጣዋለች፤ ሽታው ይቀራል፣ ጠላቱ ይወጣል። በቀይ ሽንኩርት ፋንታ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴውን ጫፍ ትከትፋለች። ምስር ዘፍዝፋ ውሃውን ትደፋለች፤ ይህም የጥራጥሬውን ስኳር ይቀንሳል። ሽሮ ግን አንዴ ከተፈጨ ምኑ ይዘፈዘፋል?

ግቢ ካፌ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ዳቦ ነው። በጾም ደግሞ ይብሳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ አንድ ትሪ ጥራጥሬ በአንዴ መጫን ለእኔ ዓይነቱ አንጀት ግብዣ ነው። ምዝገባው ላይ ያገኘሁት መልካም ዜና መጠን ወሳኝ መሆኑ ነው። ግማሽ ጭልፋ ምስር ይስማማኛል፤ ሙሉው አይስማማኝም። እንጀራ ምንም አላደረገኝም። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ማኪያቶ ግን በአሥራ አንዱም ቀን አስሮጦኛል፤ ወተቱም ቡናውም፣ ሁለቱም ጥፋተኛ ናቸው። ቡና ብቻውን ትልቁን አንጀት ያንቀሳቅሳል። አሁን ምግብ ከበላሁ በኋላ አንድ ስኒ ጥቁር ቡና እጠጣለሁ፤ እሱን እንኳ መተው አልፈለግኩም። በርበሬም በዛ ሲል ያሳምመኛል። የወር አበባ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ምንም ብበላ ይብስብኛል፤ ይህ ብዙ ሴቶች ላይ የታወቀ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ምግብ መወንጀል ትቻለሁ።

ሆድና ጭንቅላት

ሦስተኛውን ሳምንት ስመለከት አንድ ነገር አየሁ። ቅዳሜና ማክሰኞ የበላሁት ያው ሩዝና ካሮት ነው፤ ቅዳሜ 4፣ ማክሰኞ 7። ማክሰኞ ፈተና ነበር። አማርኛችን ይህን ድሮ አውቆታል፤ ስናዝን ሆዳችን ይባባል፣ ስንራራ አንጀታችን ይላወሳል። ሳይንሱም አንጀት ግድግዳ ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነርቮች እንዳሉና ከጭንቅላት ጋር በሁለት አቅጣጫ እንደሚነጋገሩ ይናገራል። «ጭንቀት ነው» ሲሉኝ የምናደደው ግን ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ «ስለዚህ ምንም የለብሽም» ለማለት ስለሚጠቀሙበት ነው።

የእኔ ትልቁ ጭንቀት ተቅማጡ ራሱ ነበር። ታክሲ ውስጥ በሩ ጋ ካልተቀመጥኩ ሆዴ ይጀምረዋል። አንድ ቀን ከመገናኛ እስከ ስድስት ኪሎ ሦስት ጊዜ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወርጃለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ወያላው «እህቴ፣ በእግርሽ ይሻልሽ ነበር» አለኝ። ሐኪሟ የሰጠችኝ ምክር ቀላል ነው። የሚያስፈራኝን መንገድ በትንሽ በትንሹ መልመድ፣ ቁርጠቱ ሲመጣ ከመሮጥ በፊት ለሁለት ደቂቃ በሆድ መተንፈስ። ስሜቱ እንደ ማዕበል መጥቶ የሚያልፍበት ጊዜ እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሁልጊዜ አያልፍም፤ ግን ከሦስቱ አንዱ ካለፈ ትልቅ ነገር ነው። በውጭ አገር ለዚሁ የተዘጋጀ የሥነ ልቦና ሕክምና በደንብ ተጠንቷል፤ የማንቸስተር ሐኪሞች በ1984 እ.ኤ.አ. ሂፕኖሲስ ሳይቀር ሞክረው ውጤት አሳይተዋል።

መድኃኒትስ?

አለ። ሎፔራማይድ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ ለተቅማጡ እንጂ ለሕመሙ ብዙም አይሆንም። ሐኪሟ የፈቀደችልኝ ፈተናና ረጅም ጉዞ ባለበት ጠዋት ነው፤ ደም ወይም ትኩሳት ያለበት ተቅማጥ ላይ ግን አይወሰድም፤ ከታዘዘው በላይ መውሰድም ልብን ይጎዳል። አሜሪካ ውስጥ ሪፋክሲሚን የሚባለው መድኃኒት በ2015 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ዓይነት አይ.ቢ.ኤስ. ተፈቅዷል። እንደ ኢስፓጉላ ያለ የሚሟሟ አሰርም ብዙዎችን ይረዳል፤ ፉርሽካ ግን ሊያባብስ ይችላል። በነገራችን ላይ የተቅማጥ አይ.ቢ.ኤስ. ከተባሉት መካከል ከአራቱ አንዱ ገደማ ችግሩ በደንብ ያልተመጠጠ የሐሞት አሲድ ነው፤ ለዚያ የተለየ መድኃኒት አለ፤ ምንም ያልሠራለት ሰው ሐኪሙን ቢጠይቅ አይከፋም።

ለእኔ የሠራልኝ አሚትሪፕቲሊን ነው፤ ማታ ማታ 10 ሚሊ ግራም። ድሮ ለድብርት የወጣ መድኃኒት ነው፤ በዚህ ዝቅተኛ መጠን ግን የሚሰጠው የአንጀት ነርቮችን ለማብረድና እንቅስቃሴውን ለማዘግየት ነው። በእንግሊዝ አገር 463 ሕሙማን ላይ ለ6 ወር ተሞክሮ በ2023 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ በወጣው ጥናት ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። አፍ ያደርቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ላይ ያንገላጅጃል። አንዷ የዶርም ልጅ ፓኬቱን አይታ ስሙን ስልኳ ላይ ፈልጋ «ምነው፣ ደብሮሻል እንዴ?» አለችኝ። «አንጀቴን ነው የደበረው» አልኳት። ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ ግን ማንም እንዳይሞክረው፤ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚጣላበት ጊዜ አለ።

አሁን ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። አልዳንኩም። ባለፈው ወር ምዝገባዬ ላይ 6 ወይም 7 የተጻፈባቸው ቀናት ስድስት ናቸው፤ ከዚህ በፊት ሃያ አራት ነበሩ። ከስድስቱ ሁለቱ የእኔ ጥፋት ናቸው፤ የጓደኛዬ ልደት ላይ የቀረበውን ክትፎ በአይብ ማለፍ አልቻልኩም፤ አይቆጨኝም።

ለኃላፊው ቢሮ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ደውዬ ቀጠሮ ለመንኩ። ጸሐፊያቸው ድምፄን ለየችው መሰለኝ፣ ሳቅ ብላ «ሐሙስ በአራት ሰዓት ነይ» አለችኝ። ሐሙስ ቁርሴን በሁለት ሰዓት በላሁ፤ ሩዝና እንቁላል፤ ማኪያቶ የለም። ቢሮው ስደርስ ገና ሰላም ብያት ሳልቀመጥ «የሽንት ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። መሳቢያዋን ከፍታ ቁልፉን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቃለ መጠይቁ አርባ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ስወጣ ቁልፉ እዚያው ነበር።